የአስራ ሰባት ቁጥሩ ጭቃ

ልጆቹ «እማማ፣ የጭቃውን ነገር ንገሪን» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ትንንሾቹን የልጅ ልጆቼን ማለቴ ነው። በተሰበሰቡ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ እኔም በተጠየቅኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እጨምርበታለሁ። ባለፈው አንዷ ጣቷን ቀስራ፣ «እማማ፣ ፋሲካ ላይ ስትነግሪን ውሻው አንድ ነበር፣ ዛሬ ሁለት ሆነ» ብላ ያዘችኝ። ስለዚህ ከእንግዲህ እንዳይጨመርበትም እንዳይቀነስበትም ይኸው ጻፍኩት። ውሻው አንድ ነው።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጥተው ሲያጠኑ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። ለዚህ መሰለኝ እስከ ዛሬ ማንበብ ስጀምር ዓይኔ እንባ የሚያቀረው። የምኖረው ጄኔቫ፣ ኦኔ፣ ከነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ ውስጥ ነው። መዞር እወዳለሁ። አቦንማዬን፣ የአውቶቡስ የወር ትኬቴን፣ ቦርሳዬ ውስጥ እከትና ፊት ለፊቴ የቆመው አውቶቡስ ላይ እወጣለሁ። መጨረሻው ድረስ እሄዳለሁ፣ ወርጄ አየት አየት አደርጋለሁ፣ እመለሳለሁ። ልጄ ደውላ «እማዬ፣ ዛሬ ደግሞ የት ነበርሽ?» ስትለኝ «መጨረሻ» እላታለሁ።

የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ዙሪክ ነው የተማረችው። የሷን ሥራ ለሰው ማስረዳት ያስቸግረኝ ነበር። ቤተክርስቲያን ሴቶቹ «የኔ ልጅ ነርስ ናት»፣ «የኔ ባንክ ነው የሚሠራው» ሲባባሉ ተራዬ ይደርሳል።

«የኔዋ ጭቃ ታወጣለች» እላለሁ።

«ከየት?»

«ከሐይቅ ሥር።»

«ውይ፣ ምን አጥፍታ ነው?» ይሉኛል፣ ቅጣት እየመሰላቸው።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የሐይቁ ዳር ዳር፣ ከውሃው በታች ያለው መሬት አሸዋ ይሁን ጠጠር ወይስ ለስላሳ ጭቃ፣ ማንም ቆሞ ሊያየው አይችልም። ስለዚህ በጀልባ እየዞሩ ከየቦታው ቆንጠር ቆንጠር አድርገው ያወጡና ካርታ ይሠሩለታል። አሸዋው ቢጫ ይቀባል፣ ጭቃው ግራጫ። ካርታውን ያየ ሰው ሐይቁን ጨልፎ ባዶውን ያየው ያህል ነው።

ያን ጊዜ ነሐሴ ነበር። ልጅቷ የጄኔቫን ሐይቅ ልትሠራ መጥታ እኔ ቤት አረፈች። ይህ የመጀመሪያዋ የራሷ ካርታ ነው፤ ካማረላት ሥራው ይጸናላታል፣ ካላማረላት ሌላ ሰው ይተካባታል። ይህን እናቷ ናት የነገረችኝ፣ እሷ አልነገረችኝም። እኔ ፍልሰታን እየጾምኩ ነው። አንድ ቀን «እማማ፣ መዞር ትወጂ የለ? ነይ፣ አውቶቡስ የማይደርስበት ልውሰድሽ» ብላ ጀልባ ላይ አወጣችኝ።

ጭቃ የሚያወጡበት መሣሪያ ሁለት የብረት መንጋጋ ያለው ነገር ነው። አፉን ከፍተው በገመድ ይለቁታል። ታች መሬት ሲነካ አፉን ግጥም ያደርግና የነከሰውን ይዞ ይወጣል።

«አማቴን ቁርጥ!» አልኩ። «የነከሰችውን አትለቅም ነበር።»

ልጅቷ ጭቃውን በማንኪያ አንስታ ቁጥር የተጻፈበት ፌስታል ውስጥ ትጨምራለች። ከዚያ ቦታውን ከሰማይ የሚነግር መሣሪያ አላት፣ እሱን አይታ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እዚህ ድረስ ደህና ነው። ከዚያ ግን ከጭቃው ቆንጥራ በፊት ጥርሷ ነከስ ስታደርግ አየኋት።

«ምን እያደረግሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?»

«እማማ፣ በጣት አይለይም። ጥርስን ከቆረቆረ ደለል ነው፣ ካልቆረቆረ ሸክላ አፈር ነው። ሁላችንም እንደዚህ ነው የምናደርገው።»

«ፍልሰታ ነው እኮ! ጭቃ አያስገድፍም?»

«ፕሮፌሰሬን ልጠይቅልሽ?»

እኔ የፊት ጥርሶቼ የጥርስ ሐኪሙ እንጂ የኔ ስላልሆኑ በጣቴ ሞከርኩ። በልጅነቴ ጭቃ በእግሬ አቡክቼ ግድግዳ መርጌአለሁ፤ ጭቃ አያታልለኝም። አንዱን «ይሄ ያልተነፋ ሽሮ ነው» አልኳት። ሌላውን አሸት አሸት አድርጌ «ይሄ ደግሞ የተነከረ አብሽ ነው፣ ይሙለጨለጫል» አልኳት። እየሳቀች ጻፈችው። ያ አብሽ የሚመስለው አስራ ሰባተኛው ነበር። አንዲት ትንሽ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከምትገባበት ፊት ለፊት ነው። መንጋጋው ሁለት ጊዜ ባዶውን ወጣ፣ በሦስተኛው ነው የነከሰው።

«ከሁሉም አጥብቄ የምፈልጋት ይቺን ናት» አለችኝ። «ወንዟ ያመጣችው አፈር የት እንደሚያርፍ የምትነግረኝ እሷ ናት። እሷ ከሌለች ካርታዬ መሃሉ የወለቀ ጥርስ ነው።»

ይህን ከአፏ ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አርብ ዕለት ሥራው አለቀ። እሑድ ወደ ዙሪክ እስክትመለስ ጭቃው ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ ስላለበት ሠላሳውንም ፌስታል ፍሪጄ ውስጥ፣ ከተልባዬና ከሱፍ ፍትፍቴ ጎን ደረደርነው።

አሁን ወዳጄን ላስተዋውቃችሁ። ለዛቫንሼ የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ዕድሜዋን የሆቴል ወለል ስታሽ ጉልበቷን ጨርሳለች። በዚያ ሰሞን እኔ ከሀገር ቤት እምነት እንደሚመጣልኝና እንደማካፍላት ነግሬያት ነበር። እምነት ማለት፣ እዚህ የተወለዳችሁት ስለማታውቁት፣ ከገዳም የሚመጣ የተባረከ አፈር ነው። በጸበል ተለውሶ ያመመ ቦታ ላይ ይቀባል። ያመጣልኛል የተባለው ሰው ጉዞውን አራዘመ፤ እሷ ግን በየቀኑ «መጣ?» እያለች ትደውላለች። እኔ ደግሞ መቀለድ ልማዴ ነውና «መጥቶ ብነግርሽማ መች ይተርፈኛል?» እላታለሁ። የሆነው ሁሉ የዚህ ምላሴ ጥፋት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት መጣች። ልጅቷ ከጓደኞቿ ጋር ልትዋኝ ሄዳለች። የኔም የልብስ ማጠቢያ ተራዬ ነው። በዚህ ሀገር የልብስ ማጠቢያ ተራን ማሳለፍ ከፍርድ ቤት ቀጠሮ መቅረት ነው። «ፍሪጅ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ አለ፣ ቅጂና ጠጪ» አልኳትና ምድር ቤት ወረድኩ። ስመለስ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ልሂድ በቃ።»

«አሁን መጥተሽ?»

«ልሂድ አልኩ እኮ!» ዓይኗን አላሳየችኝም። ጉልበቷ አሟት ነው ብዬ ተውኳት።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ሰላም ስንባባል የሴቶቹን ግንባር አየሁ። ግራጫ ቀለም አለው። የአንዷ፣ የሌላዋ፣ የሦስተኛዋ። ወዳጄ ጋ ስደርስ የሷ ከሁሉም ወፍሯል።

«ግንባርሽን ምን ነካሽ?» አልኳት።

«አላወቅሽም አሉ!» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «ይቅር ብዬሻለሁ።»

«ምን አድርጌ?»

«ምን አድርጌ ትላለች ደግሞ! ሠላሳ ፌስታል እምነት! በቁጥር በቁጥር አድርገሽ! እኔ በጉልበቴ እየዳህኩ አንቺ ከተልባሽ ጎን ደርድረሽ ቁጭ! እንዳይበላሽ ብለሽ ነው ፍሪጅ የከተትሽው? አንዷን ወሰድኩ። ከፈለግሽ ሌባ በይኝ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። «ስንት ቁጥሯን ነው የወሰድሽው?»

«ሁሉም አንድ አይደል? አስራ ሰባት የምትል።»

ከሠላሳው መሃል!

«ቀርቷል?»

«ምን ይቀራል? አንቺ ብትሰስቺ እኔም ልሰስት ነው? ላመመው ሁሉ አካፈልኩ።» በአገጯ አሳየችኝ። ቆጠርኩ፤ አምስት ግንባር፣ ሁለት ክርን፣ ከወንዶቹ በኩል ደግሞ አንድ መላጣ። ጸጉር ያበቅላል ብለው ሳይነግሩት አልቀሩም።

«እምነት አይደለም» አልኳት። «የሐይቅ ጭቃ ነው። የልጅቷ ሥራ ነው። ያለሱ ካርታዋ አይሞላም።»

አንገቷን ደፋች። በቀሚሷ ላይ ጉልበቷን ነካ ነካ አደረገችው። «ታዲያ ዛሬ ደረጃውን ማን አወጣኝ?»

«እኔን ትጠይቂኛለሽ?»

«ሐይቁንስ ማን ፈጠረው?» አለችና ቀና አለች። ግንባሯንም አልጠረገችውም። «ለሌሎቹ እንዳትነግሪ። በተለይ ለመላጣው።»

ልጅቷ አስራ አንድ ሰዓት ላይ በባቡር ትሄዳለች። በቀጥታ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ ወዳጄ ክንዴን ያዘችኝ። «ጭቃ ከሐይቅ ነው የወጣው አይደል? ሐይቁ እዚያው አለ። እንተካዋለን።» እኔም፣ እግዚአብሔር ይይልኝ፣ መላው ደስ አለኝ። የስድሳ ዓመት ሴት ናት፣ እኔ ደግሞ እበልጣታለሁ፤ እንደ ሁለት የሰፈር ዱርዬ እየተሳሳቅን አውቶቡስ ተሳፈርን።

ባዶዋ ፌስታል ከነቁጥሯ በወዳጄ ቦርሳ ውስጥ አለች፤ እምነት የነካውን ነገር አትጥልም። መቆፈሪያ ግን የለንም። እሷ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ጫማዋን የምታጠልቅበት ረጅም ማንኪያ ይዛ ትዞራለች። በሱ ሠራን። እኔ ውሃው ዳር ቁጢጥ ብዬ እዝቃለሁ፣ እሷ ቆማ ትጠብቅልኛለች። ነጠላ ለብሰን ስላዩን መሰለኝ እነዚያ አንገተ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ዘመድ የመጣባቸው መስሏቸው ከበቡን። ወዲያው አንድ ሽማግሌ ውሻ እየጎተተ መጣና ምን እንደምንሠራ ጠየቀ።

«ለአበባ ነው፣ ሙሲዩ» አለች ወዳጄ።

ተቆጥቶ ያባርረናል ስል ማስተማር ጀመረ። አሸዋ ለአበባ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ አፈር ነው የሚሻለው፤ የት እንደሚሸጥ፤ በየስንት ቀኑ ውሃ እንደሚጠጣ። እሱ ሲያስተምር ውሻው ቀሚሷ ሥር ገብቶ ጭቃ የተቀባውን የወዳጄን ጉልበት ይልሳል። የመጨረሻዋ አስራ ሰባት ቁጥር እንግዲህ በዚያ ውሻ ሆድ ገባች።

ወዳጄ ፌስታሏን ስትፈታ ቀዳት ኖሮ ያፈስሳል። ቤት ስደርስ ከሀገር ቤት ሽሮ ሲላክ እንደሚታሸገው በሁለት ሌላ ፌስታል ደራርቤ ጥርቅም አድርጌ ቋጠርኳት። ልጅቷ ስትመጣ ሁሉንም ሳጥኑ ውስጥ ደርድሬ ጠበቅኳት።

«እማማዬ! አንቺ ደረደርሽልኝ?»

«ምን አለበት፣ የኔ ቆንጆ።»

ሳመችኝና ሄደች። ጉንጬን እንደ በርበሬ አቃጠለኝ።

ረቡዕ ደወለች። ድምፅዋ ከስልኩ ሊወጣ ደርሷል።

«እማማ! አስራ ሰባት!»

«ም... ምን ሆነች?»

«አሸዋ ሆነች! እዚያ ጭቃ ነበር መሆን የነበረበት፣ ዙሪያው በሙሉ ጭቃ ነው፣ መሃሉ ላይ ሻካራ አሸዋ! ማንም የማያውቀው ነገር አለ እዚያ ውስጥ። አዲስ ጅረት ይሆናል፣ ከታች የሚሄድ። ደግሞ ምን አገኘሁበት መሰለሽ? ላባ! የወፍ ላባ፣ እዚያ ጥልቅ ውሃ ሥር!»

«ወፍም እኮ ይጠልቃል» አልኳት። ከመዋሸት አልፌ ማስረጃ ማቅረብ ጀመርኩ ማለት ነው።

«አርብ ትልቅ ስብሰባ አለ። ፕሮፌሰሮቹ ሁሉ ይመጣሉ። ካርታዬን አሳያለሁ፣ ስለ አስራ ሰባት እነግራቸዋለሁ። ጸልይልኝ፣ እሺ?»

ወዳጄ ጋ ደወልኩ።

«ተያት» አለችኝ። «ልጅቷ ደስ ብሏታል፣ ምን ቸገረሽ? ስሟ ይጠራል።»

«አንድ ሌላ ሰው ሄዶ መንጋጋውን ቢጥልስ? ጭቃ ያወጣል። ዋሸች ይላሉ። ገና በመጀመሪያ ካርታዋ!»

ወዳጄ፣ «ስትነግሪያት የኔን ስም አታንሺ» አለች። ቀጥላ፣ «ወይም አንሺው፣ ለብቻሽ አትጮሂም» አለች። ይቺ ናት ወዳጄ።

ሐሙስ ጠዋት የዙሪክ ባቡር ተሳፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ስዞር ኖሬ መድረሻዬን መድረስ የፈራሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መንገዱን ሙሉ የምለውን አጠናሁ። መጀመሪያ በጉልበቱ ልጀምር አልኩ፣ ከዚያ በውሻው፣ ከዚያ በመላጣው። ሁሉም አያምርም።

ዙሪክ ስደርስ ያቺም ያለችኝ ፈረንሳይኛ አትሠራም፣ ሰዉ በጀርመንኛ ነው የሚያወራው። በትራም ላንግሽትራሰ የሚባለው መንገድ ደረስኩና ከልጅቷ ቤት ሥር ያለው የኛ ሰው ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ የወሎ ልጅ ነው። «እማማ፣ ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ» ብሎ ተቀበለኝ። ልጅቷን ስጠይቀው «ካርታዋን ይዛ ስትገባ አይቻታለሁ፣ ብቻዋን ትስቅ ነበር» አለኝ። ውሃውን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት።

ደረጃውን ወጣሁ። ልጅቷ በሩን ከፍታ «እማማ?» ብላ ቀረች። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ዙሪያው ሁሉ ግራጫ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ቢጫ፣ እንደ እንቁላል አስኳል። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ።

ጣቴን ቢጫዋ ላይ አደረግኩ። «ይቺ አዲስ ጅረት አይደለችም፣ ልጄ። ይቺ የወዳጄ የጫማ ማንኪያ ናት።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። እምነቱን፣ የልብስ ማጠቢያውን፣ አምስቱን ግንባር፣ ሽማግሌውን። መላጣው ላይ ስደርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አስለቀስኳት አልኩ። ብዙ ቆይታ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን እንደ ዳኛ ነው።

«እርስዎ» አለችኝ።

ይቺ ልጅ አንቺ ነው የምትለኝ። እርስዎ ካለችኝ ነገር አለ።

«እርስዎና ወዳጅዎ ቅዳሜ ጀልባው ላይ ትመጣላችሁ። ጀልባውን እኔ እለምናለሁ። ገመዱን ግን የምትጎትቱት እናንተ ናችሁ።»

«የነገው ስብሰባስ?»

«አስራ ሰባት ጠፍታለች እላለሁ።»

«ማን አጠፋት ቢሉሽስ?»

አሰብ አድርጋ፣ «የጉልበት ሕመም» አለች። እርሳሷን አንስታ ቢጫዋን በመስቀል ሰረዘቻት። ከዚያ ሩዝ በአትክልት ሠርታ አበላችኝ። ስንበላ አላናገረችኝም፤ ሁለቴ ግን አናቴ ላይ ሳመችኝ። ይህ ምን ዓይነት ቁጣ ነው እያልኩ በላሁ።

ቅዳሜ ሁለታችንም ብርቱካንማ የመንሳፈፊያ ሰደርያ በነጠላችን ላይ ተቆልፎብን ጀልባው ላይ ተቀመጥን። ወዳጄ ከዳር እስከ ቦታው ድረስ ጸሎት አላቋረጠችም። ቦታው ላይ ስንደርስ መንጋጋውን ለቀቅነው። ሳብን። ባዶ።

«ጾም ነው የያዘው» አለች ወዳጄ።

እንደገና ሳብን። ባዶ። ትከሻዬ ሊወልቅ ነው፣ ጀልባውን የሚነዳው ሰው ሊረዳን ሲነሳ ልጅቷ በእጇ «ተዋቸው» አለችው። በሦስተኛው ገመዱ ከበደ። መንጋጋው አፉን ገጥሞ፣ ከጎኑ ግራጫ እያንጠባጠበ ወጣ። ጣቴን ሰደድኩ። ሙልጭልጭ ይላል።

«አብሽ ነው» አልኩ። «እሷው ራሷ ናት።»

ልጅቷ የሚበቃትን በማንኪያ አንስታ አዲስ ፌስታል ላይ አስራ ሰባት ብላ ጻፈች። የተረፈውን ወደ ሐይቁ ልትመልሰው ስትል ወዳጄ እጇን ያዘቻት።

«ትርፉን ትደፊዋለሽ?»

ልጅቷ አየቻት፣ እኔን አየችኝ። ቁጥር የሌለው ፌስታል አውጥታ ሞልታ ሰጠቻት።

ካርታው አልቆ፣ ታትሞ፣ ልጅቷም ሥራዋ ጸንቶላት፣ አንዱ ቅጂ ኦኔ ኮሪደሬ ላይ ተሰቅሏል። እንግዳ ሲመጣ ጣቴን ግራጫው ላይ አደርግና «ይቺን እኔ ነኝ ያወጣኋት» እላለሁ። ያጠፋኋትም እኔ መሆኔን እንደ እንግዳው አይቼ ነው የምነግረው። ወዳጄ በጉልበቷ እስከ ዛሬ ደረጃ ትወጣለች። መላጣው ግን ያው መላጣ ነው።

ዘንድሮ ልጅቷ ቤት ስትቀይር ካርቶኖቿን እኔ ምድር ቤት አስቀመጠች። አቧራ ስጠርግ ያ የጀልባው ደብተር ወጣ፣ ውሃ እንዳሳበጠው። ገለጥኩት። ሁሉም በእነሱ ቋንቋ ስለሆነ አልገባኝም። አንድ ገጽ ላይ ግን የኛን ፊደል አየሁ፤ እኔው ራሴ ያስቆጠርኳት፣ እግሩ ጠማማ ፊደል። ላዩ ላይ ያለው ቀን ያ እሑድ ነው፣ በባቡር የሄደችበት፣ አዲስ ጅረት አገኘሁ ብላ ከመደወሏ ሦስት ቀን በፊት። እንዲህ ይላል፦

«17። ሦስት ፌስታል አንድ ላይ፣ እንደ ሽሮ። የእማማ እጅ ነው። እስክትነግረኝ እጠብቃለሁ። ካልነገረችኝ፣ አርብ ትልቅ ስብሰባ አለ እላታለሁ። አርብ ምንም የለም።»